ባነሩን ለስልክ ማሳነስ፦ የሐዋሳ የዲጂታል ማስታወቂያዎች የሚሰናከሉበት ቦታ

ሐዋሳ ውስጥ ምግብ ቤት፣ ፔንሲዮን ወይም የልብስ ሱቅ ሲከፈት የማስታወቂያው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባነር ቤት ነው። ባለቤቱ የቤቱን ስም፣ ስልክ ቁጥሩንና የሚሸጠውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ያመጣል። ዲዛይነሩ 3 ሜትር በ2 ሜትር አድርጎ ያዘጋጀዋል፤ ታትሞ በር ላይ ይሰቀላል። ከዚያ ያው ፋይል በቴሌግራም ይላክና በፌስቡክ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ቻናሎች ይለጠፋል፤ ገንዘብ ተከፍሎበት ቡስት የሚደረገውም እሱው ነው። የሚደውል ሰው ይጠፋል። ባለቤቱም «ፌስቡክ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል።

ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 3 ሜትር ስፋት ያለው ባነር 7 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የስልክ ስክሪን ውስጥ ሲገባ 43 ጊዜ ያህል ያንሳል። ባነሩ ላይ 6 ሴንቲ ሜትር ቁመት የነበረው የአገልግሎት ዝርዝር ስልኩ ላይ 1.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ባነር ፊት የቆመ ሰው ካልታየው ሁለት እርምጃ ይጠጋል፤ ስልክ የያዘ ሰው አይጠጋም፣ አውራ ጣቱ ገፍቶት ያልፋል። ሌላም ልዩነት አለ። ባነሩ የተሰቀለው ቤቱ በር ላይ ስለሆነ ምንነቱን ቦታው ራሱ ይናገርለታል። ስልክ ላይ የወጣው ምስል ግን በጓደኛ ፎቶ፣ በእግር ኳስ ውጤትና በሰርግ ቪዲዮ መሃል ተሰክቶ ስለሚመጣ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ራሱ መናገር አለበት። ስለዚህ የስልክ ማስታወቂያ ከባዶ ገጽ መጀመር ያለበት፣ የራሱ ሂሳብ ያለው ሥራ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ ዲዛይን መሥሪያውን ከመክፈት በፊት ያለ ነው፦ ምስሉን ያየ ሰው ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። «እንዲያውቁን» የሚል መልስ አይጠቅምም፣ ምክንያቱም የሚመራው የዲዛይን ውሳኔ የለም። «ቅዳሜና እሁድ ቤተሰባቸውን ይዘው መጥተው ሙሉ አሳ እንዲበሉ» የሚለው ግን ብዙ ነገር ይወስናል። ፎቶው የሙሉ አሳ ይሆናል፤ ሳህኑ ለብዙ ሰው የሚበቃ ይመስላል፤ ርዕሱ ስለ ቅዳሜና እሁድ ይናገራል። ቁርሱ፣ ጁሱ፣ የስብሰባ አዳራሹና የመኪና ማቆሚያው ከምስሉ ወጥተው ካፕሽኑ (ከምስሉ ጋር የሚለጠፈው ጽሑፍ) ውስጥ ይገባሉ። ምስሉ ላይ አንድ ፎቶ፣ ከ5 እስከ 6 ቃል የማይበልጥ ርዕስ፣ አንድ ዋጋና ትንሽ ሎጎ ከቀረ ይበቃል። «ከፍዬበት ለምን ቦታው ባዶ ይቀራል?» የሚል ባለቤት ብዙ ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ባዶው ቦታ ዓይን ርዕሱንና ዋጋውን ቶሎ እንዲያገኝ መንገድ የሚከፍት ስለሆነ የተከፈለበትን ያህል ዋጋ አለው።

ዋጋውን በተመለከተ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለደንበኛም ለነጋዴም ጉዳት ነው። ደንበኛው ቴክስት ልኮ፣ ጠብቆ፣ መልሱ ሲመጣ ከአቅሙ በላይ መሆኑን ያያል። ነጋዴው ደግሞ መግዛት ለማይችሉ መቶ ሰዎች ሲመልስ ሊገዛ የፈለገውን አንዱን ያዘገያል። ዋጋው በመጠን የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ ብር ጀምሮ» ብሎ እውነተኛውን ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ ይሻላል። ያ ዋጋ ቤቱ ውስጥ በእርግጥ መኖር አለበት። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

አሳውን ማንሳት

ይህችን ከተማ በአሳ ማታለል አይቻልም። ሐይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄዶ ጀልባ ሲራገፍ ያየ ሰው ቆሮሶና አምባዛ ምን እንደሚመስሉ ያውቃል። ከኢንተርኔት የተወሰደ ሮዝ ሥጋ ያለው የሳልሞን ፎቶ ለጥፎ «ትኩስ የሐይቅ አሳ» ማለት በመጀመሪያው እይታ እምነት ያሳጣል። በስልክ የተነሳ የራስ ፎቶ፣ በትክክል ከተነሳ፣ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 2 እስከ 4፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀትር ላይ የሐዋሳ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ጥላው ይጠቁራል፣ ዘይት የነካው ቆዳ ላይም ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል። ጠረጴዛው በረንዳ ጥላ ስር ወይም መስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ብርሃኑ ከጎን ወይም ትንሽ ከኋላ ይምጣ፤ በተቃራኒው በኩል ነጭ ካርቶን ቢቆም የጨለመውን ጎን ያነሳዋል። አምፖሎቹ መጥፋት አለባቸው፤ የቀን ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀሉ የሳህኑ አንድ ጎን ሰማያዊ፣ ሌላው ቢጫ ይሆናል፣ ይህን ደግሞ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው። የካሜራውን መስታወት በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጭጋግ የለበሱ የሚመስሉ ብዙ የምግብ ፎቶዎች ምክንያታቸው የጣት ቅባት ነው።

ቡናማ የተጠበሰ አሳ በቡናማ እንጨት ላይ፣ በቀይ ሳህን ሲቀመጥ ይጠፋል። ነጭ ወይም ሰማያዊ ሳህን ከስሩ፣ የተከፈለ ሎሚና ቃሪያ ከጎኑ ሲሆን ቅርጹ ይወጣል። ሙሉ አሳ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከላይ ወደ ታች ወይም በ45 ዲግሪ ማንሳት ይስማማዋል፤ ከጎን ከተነሳ ጭራና አናት ብቻ ይሆናል። ጥብሱ ከወጣ ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ቆዳው ወዙን ያጣል። ስለዚህ ሳህኑ፣ ሎሚውና ካርቶኑ አስቀድመው ተዘጋጅተው፣ ስልኩም ቦታውን ይዞ አሳው መጨረሻ ላይ ይምጣ። የደረቀ ከመሰለ በብሩሽ ትንሽ ዘይት ይቀባል።

ከሁሉ በላይ ፎቶው ሲነሳ የላይኛው ሲሶ ባዶ ይቅር። እዚያ የሚቀመጠው ርዕሱ ነው፦ ልሙጥ ጠረጴዛ ወይም ደብዘዝ ያለ የሐይቅ ዳር እይታ ይበቃል። ይህ ሲዘነጋ የሚከተለው የታወቀ ነው። ጽሑፉ ምግቡ ላይ ይወድቃል፤ አይነበብም፤ ጥላ ይጨመርለታል፤ አሁንም አይነበብም፤ ነጭ ጠርዝ ይደረግለታል፤ በመጨረሻ ጥቁር መደብ ተለጥፎበት የአሳው ግማሽ ይሸፈናል። ሦስት ጥገና የተደረገው ካሜራው አንድ ክንድ ያህል ወደኋላ ባለማለቱ ነው።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለሚሸጡ ሱቆች ችግሩ ሌላ ነው። ስልኩ ከጀርባ ያለውን ጨለማ ለማብራት ሲል ነጩን ጨርቅ አለቅጥ ያበራዋል፤ ሸማው ባዶ ወረቀት ይመስላል፣ ጥለቱም ይደበዝዛል። ስክሪኑ ላይ ቀሚሱን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ፣ ጀርባውንም ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ማድረግ ነው መፍትሔው። ከሙሉው ቀሚስ ፎቶ ጎን የጥለቱን ክር የሚያሳይ አንድ ቅርብ ፎቶ ይጨመር። ገዢዋ መጀመሪያ የምታየው ጥለቱን ነው።

«ምግብ ቤት» ወደ «ምግብ ቢት» ሲለወጥ

በአማርኛ ማስታወቂያ ላይ ከፎቶው ይልቅ የሚበዛው ስህተት ፊደሉ ላይ ነው። በላቲን ፊደል የተሠሩ ዝግጁ ቅጾች ስንጠቀም አብረውት የሚመጡት ልማዶች ለግዕዝ ፊደል አይስማሙም።

ፊደላችን የሚለየው በትናንሽ ምልክቶች ነው። «ቢ» ከስሩ አጭር እግር አላት፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት፤ «ሊ» እና «ሌ»ም እንዲሁ ናቸው። ዲዛይነሩ ፊደሉ እንዲወፍር ብሎ ዙሪያውን ጠርዝ ሲያደርግለት የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈናል። 40 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ) ቁመት ባለው ፊደል ላይ 5 ወይም 6 ፒክስል ጠርዝ ከተጨመረ «ምግብ ቤት» ስልክ ላይ «ምግብ ቢት» ሆኖ ይነበባል። «ነ» እና «ኘ»፣ «ሰ» እና «ሸ» የሚለዩባት የላይኛዋ መስመርም ከፊደሉ አናት ጋር ተጣብቃ ትጠፋለች። ፊደል እንዲጎላ ከተፈለገ ጠርዝ ሳይጨምሩ ፊደሉ ራሱ ወፍራም ሆኖ የተሠራበትን ፎንት መምረጥ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ የተለያየ ውፍረት አለው፤ ለርዕስ መካከለኛውን ወፍራም ወይም ወፍራሙን መውሰድ ጥሩ ነው፣ የመጨረሻው ወፍራም በትንሽ መጠን ቀዳዳዎቹን ያጠባል። ኒያላ ቀጭንና ወፍራም ጭረቱ የተለያየ ስለሆነ ለገጽ ንባብ ያምራል፤ ፎቶ ላይ አንሶ ሲቀመጥ ግን ቀጭኑ ጭረት ይበላል። ወፍራም ዓይነት በሌለው ፎንት ላይ የወፍራም ምልክቱን መጫን ደግሞ ፕሮግራሙ ፊደሉን በራሱ እንዲያሳብጥ ያደርገዋል፤ ውጤቱ ከጠርዝ አይሻልም።

በላቲን ፊደል ላይ ጩኸት የሚፈጥሩት ትልልቅ ፊደላት እኛ ዘንድ የሉም። ስለዚህ ትኩረት የሚመጣው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ብቻ ነው። ሁሉም ነገር ወፍራም ከሆነ ምንም ነገር አልጎላም ማለት ነው። አንድ ፎንት፣ ሁለት ውፍረት፣ ሦስት መጠን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። 1080 ፒክስል ስፋት ባለው ሸራ፣ ማለትም ዲዛይኑ በሚሠራበት ገጽ ላይ፣ የርዕሱ ፊደል ቁመት ከ80 እስከ 110 ፒክስል፣ ትንሹ ጽሑፍ ደግሞ ከ36 ፒክስል በታች ባይሆን ይመረጣል፤ 36 ፒክስል በ7 ሴንቲ ሜትር ስክሪን ላይ 2.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የመስመር ክፍተትም የራሱ ሂሳብ አለው። ፊደሎቻችን ቁመታቸው ስለሚቀራረብ ሁለት መስመር ሲጠጋጋ እንደ ግድግዳ ይሆናል። ከፎንቱ መጠን 1.3 እስከ 1.4 እጥፍ ክፍተት ቢሰጥ ዓይን መስመሩን ለይቶ ይከተላል። ቃል መሃል ላይ እንዳይሰበር ደግሞ በእጅ መቁረጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ቦታ ሲያጥራቸው «ቅና» ከላይ፣ «ሽ» ከታች ያደርጋሉ። ፊደሉን ከግራና ከቀኝ ጨምቆ ማስገባት መፍትሔ አይሆንም፤ እግሮቹ ይቀጥናሉ፣ አናቱ እንደነበረ ይቀራል። ርዕሱን ማሳጠር ይሻላል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል የሚሠሩ ሰዎች በዝተዋል። እነዚህ መሣሪያዎች ጀርባ ወይም ጌጥ ለመሥራት ሊያግዙ ይችላሉ፤ የግዕዝ ፊደል እንዲጽፉ ሲታዘዙ ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስሉ፣ የማይነበቡ ቅርጾች ያወጣሉ። ጽሑፉን ሁልጊዜ በኋላ በተለየ ሌየር (ከምስሉ በላይ በሚቀመጥ ንብርብር) በእጅ መጻፍ ነው።

አንድ የዚህች ከተማ ጉዳይ ደግሞ አለ፦ ስሟ ራሱ «ሀዋሳ»፣ «ሐዋሳ» እና «አዋሳ» ተብሎ ይጻፋል። ምስሉ ላይ አንዱን መርጦ ሁልጊዜ እሱን መጠቀም፣ ካፕሽኑ ላይ ግን ሌሎቹንም ማስገባት ይጠቅማል፤ ፈላጊው በየትኛው ሆሄ እንደሚጽፍ አይታወቅም። ስልክ ቁጥርም እንደዚሁ ካፕሽኑ ውስጥ መኖር አለበት። ምስል ላይ ያለ ቁጥር ተነክቶ አይደወልበትም፣ ኮፒም አይደረግም፤ ሰው አሥር አሃዝ በቃሉ ይዞ መደወያ እንዲከፍት መጠበቅ ደንበኛ ማባረር ነው።

ቀለም፣ መጠንና የፋይሉ ጉዞ

የጽሑፍና የጀርባ ንፅፅር በቁጥር ይለካል። ለድረ ገጽ ተነባቢነት በተለምዶ የሚሠራበት ዝቅተኛ ልክ ለተራ ጽሑፍ 4.5 ለ 1፣ ለትልቅ ጽሑፍ 3 ለ 1 ነው። ነጭ በጥቁር ላይ 21 ለ 1 ይሆናል። ቢጫ በነጭ ላይ ግን 1.1 ለ 1 እንኳ አይሞላም፤ ቀይ በአረንጓዴ ላይ 1.3 ለ 1 አካባቢ ነው፤ ቀይ በሰማያዊ ላይ ደግሞ 2.1 ለ 1። በበዓል ሰሞን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሚደራረቡባቸው ማስታወቂያዎች ለምን ዓይን እንደሚያደክሙ እነዚህ ቁጥሮች ይናገራሉ። ባንዲራው ቀለሞቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አይጽፍም።

ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ተራ ፖስት 1080 በ1350 ፒክስል ከካሬው የበለጠ ስክሪን ይይዛል። ለስቶሪ፣ ለሪልስና ለቲክቶክ 1080 በ1920 ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሸራው ሁሉ የእኛ አይደለም። ከላይ 14 በመቶ፣ ማለትም 270 ፒክስል ያህል፣ የገጹ ስም ይሸፍነዋል። ሪልስ ላይ ከታች 35 በመቶ፣ 672 ፒክስል፣ ለካፕሽኑና ለቁልፎቹ ይለቀቃል። ለጽሑፍ የሚተርፈው መሃል ያለው 978 ፒክስል ነው፤ በቀኝ ጠርዝም የላይክና የሼር ምልክቶች ይቆማሉ። ዋጋውን ከታች በቀኝ ጥግ የማስቀመጥ የባነር ልማድ እዚህ ዋጋውን ከልብ ምልክቱ ስር ይቀብረዋል።

ፌስቡክ ለዓመታት የሚከፈልበት ምስል ላይ ጽሑፍ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድብ ነበር፤ ገደቡን ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ገደቡ ቢነሳም ልኩን እንደ መለኪያ መያዝ ይጠቅማል። ምስሉን 5 በ5 አድርጎ በ25 ሳጥን መክፈልና ጽሑፍ የነካቸው ሳጥኖች ከ5 እንዳይበልጡ ማየት ቀላል ነው።

ባነሩ የተሠራበት ፋይል ለማተሚያ ቀለም፣ ማለትም በሲኤምዋይኬ የተዘጋጀ ከሆነ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ቀለሙ ሊደበዝዝ ወይም ሊዛባ ይችላል። ከመጀመሪያው ለስክሪን በሚሆነው ቀለም፣ በአርጂቢ፣ በኤስአርጂቢ የቀለም መገለጫ ይሠራ። «300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት) አድርገው» የሚለው ትእዛዝ ለስክሪን ትርጉም የለውም፤ የሚቆጠረው ፒክስሉ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አደጋ የፋይሉ ጉዞ ነው። ዲዛይነሩ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ይልካል፣ በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ወርዶ ይጨመቃል፤ ባለቤቱ ስክሪንሾት ያደርገዋል፤ ፌስቡክ ሲጫን እንደገና ይጨመቃል። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ሲጨምቅ ከብርሃኑ ይልቅ የቀለሙን ዝርዝር ይበልጥ ስለሚቀንስ መጀመሪያ የሚበላሸው በጥቁር ላይ የተጻፈ ቀይ ትንሽ ፊደል ነው። እንደ ፋይል መላክና ያንኑ ሳይነኩ መጫን ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ቋንቋና ቀን

ከተማዋ የሲዳማ ክልል መዲና ናት፤ ብዙ ነጋዴ በአማርኛም በሲዳምኛም፣ ለእንግዳ ደግሞ በእንግሊዝኛ መናገር ይፈልጋል። ሦስቱን ቋንቋ በእኩል መጠን አንድ ምስል ላይ መደርደር ግን ሦስቱንም ያሳንሳል። በየቋንቋው የተለየ ምስል ማዘጋጀት ተጨማሪ ሥራው ጥቂት ነው፤ ፎቶውና አቀማመጡ ያው ሆኖ ርዕሱ ብቻ ይለወጣል። ሲዳምኛው የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ቃላቱ ስፋት ይፈልጋሉ፤ ከአማርኛው ቀድሞ በሲዳምኛው ርዕስ ቦታውን መለካት በኋላ ከማጨናነቅ ያድናል። ትርጉሙን ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይየው፤ የራሱን ቋንቋ ተበላሽቶ ያየ ሰው ቅር ይለዋል፣ መብቱም ነው።

ለገብርኤል ክብረ በዓል፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ እንግዳ የሚጠብቁ ፔንሲዮኖች ቀኑን ስለሚያውቁ ምስሉን ቀድመው መልቀቅ ይችላሉ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ግን ቀኑ ቋሚ አይደለም፤ አያንቶዎች፣ ማለትም ዘመን ቆጣሪ አባቶች፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ ተመልክተው የሚወስኑት ነው። አቀማመጡን ሠርቶ የቀኑን ቦታ ክፍት ትቶ መጠበቅ ይሻላል። በዓሉ በሚከበርበት ጉዱማሌ ላይ የተነሳ የአባቶች ፎቶ ላይ የቅናሽ ምልክት መለጠፍ ተገቢ አይደለም፤ መልካም ምኞትና ሽያጭ ሁለት የተለያዩ ምስሎች ይሁኑ።

ሰዓትና ቀን ሲጻፍ የሳምንቱ ቀን አብሮ ይኑር፤ ሰዓቱም «ከቀኑ 8 ሰዓት» ወይም «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። «8፡00» ብቻ ሲባል በሀገራችን አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል ስድስት ሰዓት ይጠፋል። አድራሻውም ሰው በሚሄድበት ምልክት ይሁን፤ ለባጃጅ ሹፌር ተነግሮ የሚያደርስ ከሆነ ይበቃል።

ሥራው ሲያልቅ ምስሉን በትልቁ የኮምፒውተር ስክሪን ማጽደቅ አይገባም። ስልክ ላይ ተልኮ፣ ብርሃኑ 30 በመቶ ተደርጎ፣ ቀትር ላይ ደጅ ይታይ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ለሁለት ሰከንድ አሳይቶ «ምን ይሸጣል? ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱን ካልመለሰ ምስሉ ገና ነው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ይዘጋጅ፤ በአንድ ነገር ብቻ ይለያዩ። አንዱ አሳው ከላይ የተነሳ፣ ሌላው ቤተሰብ ከበው ሲበሉ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል፤ ርዕሱ፣ ዋጋውና በጀቱ እኩል ሆኖ ለ4 ቀን ይሂዱ። ፎቶም ርዕስም ከተለወጠ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። በቴሌግራም ቻናል ወይም በውጭ ካርድ በሚከፍል አገናኝ በኩል የሚያስተዋውቁ ነጋዴዎች ዝርዝር ቁጥሩን ላያገኙት ይችላሉ፤ ለእነሱ በየምስሉ ላይ የተለያየ ቃል ማስገባት ይሠራል። በአንዱ «ሐይቅ ብለው ይዘዙ»፣ በሌላው «ታቦር ብለው ይዘዙ» ይጻፍና አስተናጋጁ በደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሮ በየትዕዛዙ አንድ ጭረት ያድርግ። በአራተኛው ቀን ማታ ጭረቶቹ ተቆጥረው ያነሰው ይወርዳል፤ በበለጠው ቀጥሎ የሚሞከረው ርዕሱ ነው።